ከኦሮራ እስከ ላስ ቬጋስ፦ የተሳቢውን ጎማዎች ሙቀት እየለካን የሄድንበት መንገድ

ቤተሰቤን ይዤ ከኮሎራዶዋ ኦሮራ ከተማ ተነሥቼ በዩታና በአሪዞና በኩል ወደ ላስ ቬጋስ የተጓዝኩት፣ እዚያ የምትኖረው እህቴ በሐምሌ ወር ልጇን ክርስትና ስለምታስነሳ ነው። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን ጉዞ በየብስ ያደረግነው ልጆቻችን አገሩን እንዲያዩት ብለን ሲሆን፣ ከፒክአፓችን ኋላ የምንጎትተው ባለ ሁለት አክስል የካምፕ ተሳቢ ማደሪያችንም ወጥ ቤታችንም ሆኖ አገልግሎናል። ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት በዋናነት ስለ ተሳቢው አራት ጎማዎች ነው። መሪ የያዘ ሰው የራሱ መኪና ጎማ ሲደክም በእጁና በወንበሩ ይሰማዋል፤ የተሳቢው ጎማ ንፋስ ሲያንሰው፣ ኩሽኔታው (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) ሲደርቅ ወይም ፍሬኑ ሲይዝ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጭስ ከወጣ ወይም ጎማው ከፈነዳ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚናገር አንድ ምልክት ቢኖር ሙቀት ነው።

ዓርብ ማታ፣ ኦሮራ

ተሳቢው ከነጭነቱ እንዲመዝን የተፈቀደለት 7,000 ፓውንድ ነው። ውሃውና ዕቃው ሁሉ ገብቶበት ከባድ መኪኖች በሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ስናስመዝነው፣ በሁለቱ አክስሎች ላይ ያረፈው ክብደት 6,200 ፓውንድ ሆነ፤ ለአራቱ ጎማዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1,550 ፓውንድ መሆኑ ነው። ጎማዎቹ ለተሳቢ ብቻ የሚሠሩት ኤስቲ 205/75 አር 14 የሚባሉት ሲሆኑ፣ የጭነት ደረጃቸው ዲ ስለሆነ በ65 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ንፋስ እያንዳንዳቸው 2,040 ፓውንድ ይሸከማሉ። ስለዚህ በቂ ትርፍ አለን። የተለየ የፍጥነት ምልክት ያልታተመበት የተሳቢ ጎማ በሰዓት ከ65 ማይል በላይ እንዳይነዳ የሚመከር በመሆኑም፣ በጉዞው ሁሉ ከ62 ማይል ላለማለፍ ከባለቤቴ ጋር ተስማማን።

የምንለካበት መሣሪያ በእጅ የሚያዝ፣ ሳይነካ ሙቀት የሚያነብ የኢንፍራሬድ መለኪያ ነው። በኮቪድ ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ዓይነት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እርሱ የሰው ገላ ሙቀት ብቻ እንዲያነብ የተሠራ ነውና። እኛ የያዝነው የጥምርታው ልክ 12 ለ 1 ነው፤ ይኸውም በ12 ኢንች ርቀት ላይ ሲያዝ አንድ ኢንች ስፋት ካለው ክብ የሚመጣውን ሙቀት አማካይ ይሰጣል ማለት ነው። ርቀው ከቆሙ ጎማውንም፣ ቸርኬውንም፣ ከኋላ ያለውን አስፋልትም ቀላቅሎ ያነባል። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። ላስቲክ ሙቀቱን በደንብ ስለሚረጭ ንባቡ የታመነ ሲሆን፣ የተወለወለ ብረት ግን የአካባቢውን ሙቀት እያንጸባረቀ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ያሳያል። በዚህ ምክንያት የአራቱንም ሞዞዎች (ኩሽኔታውን የያዘው የጎማው መሐል ብረት) ክዳን መሐል ለመሐል የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀባሁትና ሁልጊዜ እዚያው ላይ ለማነጣጠር ወሰንኩ።

ባለቤቴ ደብተር አዘጋጀች። በየመቆሚያው ለእያንዳንዱ ጎማ የሞዞውን፣ የፍሬን ታምቡሩን (የፍሬኑ ሸራ ተጭኖ የሚይዘውን ክብ ብረት) እና የጎማውን ሙቀት ትጽፋለች፤ ከጎኑም የአየሩን ሙቀት፣ ፀሐይ በየትኛው ጎን እንደነበረችና መኪናው እንዴት እንደቆመ ታሰፍራለች። ይህ የመጨረሻው ዓምድ ለምን እንዳስፈለገ በኋላ ይታያል።

ቅዳሜ፣ ከኦሮራ እስከ ፍሩታ

ንጋት ላይ አየሩ 58 ዲግሪ ፋራናይት ሳለ አራቱንም ጎማዎች በ65 ፒኤስአይ አስተካክለን በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ ወጣን። ዴንቨርን አልፎ ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ለረጅም ሰዓት ዳገት ነው። በ1973 የተከፈተው የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ 11,158 ጫማ ላይ ሲሆን፣ እዚያ ስንደርስ በየጎማው ቫልቮላ ላይ የታሰሩት ንፋስ ጠቋሚዎች 73 ፒኤስአይ ያህል ያነቡ ነበር። ከጭማሪው ውስጥ አብዛኛው ጎማው ስለሞቀ ሲሆን፣ ጥቂቱ ደግሞ በከፍታው ላይ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ደንግጦ ንፋስ ይቀንሳል፤ ይህ ግን አደገኛ ነው። በጎማው ጎን ላይ የሚጻፈው ልክ ጎማው በርዶ ሳለ የሚሞላበት ነውና፣ በሙቀት የመጣውን ጭማሪ ያስወጣ ሰው በማግስቱ ጠዋት ንፋስ ያነሰው ጎማ ላይ ጉዞ ይጀምራል።

ከዋሻው ወጥቶ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው ቁልቁለት የጉዞው የመጀመሪያ ትልቅ ፈተና ነበር። ገና ከዋሻው ሳንወጣ ማርሽ ቀንሼ፣ በሞተሩ ኃይል እየያዝኩ፣ የተሳቢውን የኤሌክትሪክ ፍሬን በየተወሰነ ርቀት ጠበቅ አድርጌ እየጫንኩ እየለቀቅኩ ወረድኩ። ሲልቨርቶርን ላይ ከመንገዱ ወጥተን እንደቆምን በቸርኬው ቀዳዳዎች በኩል ታምቡሮቹን ለካሁ፦ ግራ ፊት 262፣ ቀኝ ፊት 255፣ ቀኝ ኋላ 248፣ ግራ ኋላ 171።

ከዚያ ቁልቁለት በኋላ 250 ዲግሪ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም፤ ተሳቢው ክብደቱን በራሱ ፍሬን መያዙን ነው የሚያሳየው። ያሳሰበኝ 171 የሚለው ነው። አራት ፍሬኖች አንድን ሸክም እኩል ይዘው መውረድ ሲገባቸው አንዱ ሰማንያ ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ከተገኘ፣ ሥራውን ሦስቱ ተካፍለውለታል ማለት ነው። ብዙ ሰው ሙቀት የሚለካው የጋለ ጎማ ፍለጋ ነው፤ ከቁልቁለት በኋላ ግን የቀዘቀዘውም የዚያኑ ያህል ይናገራል።

የቬይልን መተላለፊያና የግሌንዉድን ሸለቆ አልፈን፣ ከሰዓት በኋላ ፍሩታ ደረስን። እዚያ የለካነው በሌላ መንገድ ነው። ከአውራ ጎዳናው መውጫው ገና ሲታይ ነዳጁን ለቅቄ፣ ፍሬን እምብዛም ሳልነካ መኪናው በራሱ ፍጥነቱን እየቀነሰ እንዲቆም አደረግሁ። ፍሬን ይዞ ከቆመ መኪና የሚለካ ሞዞ የኩሽኔታውን ሙቀት ብቻ አያሳይም፤ የታምቡሩ ትኩሳት በብረቱ ተላልፎ ይቀላቀልበታል። ከቆሙ በኋላም የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ስለሚቀር ሞዞው ለጥቂት ደቂቃዎች ይበልጥ እየሞቀ ይሄዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ከግራ ፊት ጀምሬ በአንድ አቅጣጫ ዞሬ ነው የምጨርሰው። አየሩ 93 ዲግሪ ሳለ ሞዞዎቹ 117፣ 115፣ 116 እና 121 አነበቡ። ከፍ ያለው ግራ ኋላ ነበር።

በዚያው ማረፊያ ከባድ መኪናውን አቁሞ የነበረ አንድ በዕድሜ ከፍ ያለ የአገራችን ሰው ጎንበስ ብዬ ስለካ አይቶ መጣ። «ሰላም ነው የኔ ልጅ? ኩሽኔታ ነው የምትፈትሸው?» አለኝ። «አዎ ጋሼ፤ ግራ ኋላው ትንሽ ከፍ ብሎብኛል» ብዬ ቁጥሮቹን አሳየኋቸው። እሳቸውም ደብተሩን ተቀብለው ካዩ በኋላ፣ «ከሰዓት ወደ ምዕራብ ስትነዳ ፀሐዩ በግራህ ነው የሚውለው፤ በጎማው ዓምድ ላይ የግራዎቹ ከቀኞቹ አሥር ዲግሪ ያህል በልጠው የተጻፉትም ለዚህ ነው። አምስት ዲግሪ ላይ አትፍረድ፤ ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ነድተህ ለካው» አሉኝ። ምክራቸው ትክክል ነበር፤ ተከተልኩትም።

ማታ የቀዘቀዘውን ፍሬን መረመርኩ። ተሳቢውን በክሪክ አንሥቼ፣ ወደ ግራ ኋላ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ከሌሎቹ እኩል መድረሱን ለካሁ፤ እኩል ነበር። የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ የራቀ እንደሆነ በማለት ከጀርባ ያለውን ማስተካከያ ጥርስ ጥቂት አጠበቅኩትና ጎማው በነፃነት መዞሩን አረጋገጥኩ። ምክንያቱን አገኘሁ ለማለት ግን አልደፈርኩም፤ ባለቤቴም በደብተሩ ላይ «ያልተፈታ» ብላ ጻፈችበት።

እሑድ፣ ከፍሩታ እስከ ሞአብ

መንገዱ አጭር፣ ወደ መቶ ማይል ገደማ ነው። የዩታን ድንበር ተሻግረን ክሬሰንት ጀንክሽን ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ገና ጎሕ ሲቀድ ስለተነሣን ፀሐዩ ሳይበረታ ሞአብ ደረስን፤ የግራ ኋላው ሞዞ ከሦስቱ በዘጠኝ ዲግሪ በልጦ ተገኘ። ከቁጥሩ ይልቅ ልቤን የያዘው አካሄዱ ነው። ዘጠኝ ዲግሪ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፤ አንድ ሞዞ ከወንድሞቹ ጋር ያለው ልዩነት ከመቆሚያ መቆሚያ እየሰፋ ከሄደ ግን ምክንያት አለው።

ሰኞ፣ ሞአብ

ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ማለዳ አርችስ ብሔራዊ ፓርክ ገብተው ሲዞሩ፣ እኔ ጎማዎቹን ስመረምር አረፈድኩ። በጎማው ጎን ላይ ከታተመው ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 2322 ማለት በ2022 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። የተሳቢ ጎማ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ሳያልቅ በቆመበት ያረጃል፤ ስለዚህ የሚመዘነው በጥርሱ ጥልቀት ብቻ ሳይሆን በዕድሜውም ነው። የእኛዎቹ ገና ናቸው። ጎናቸውን በመዳፌ እየዳሰስኩ እብጠትና ስንጥቅ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

ንፋስ ያነሰው ጎማ ለምን እንደሚግል እዚህ ላይ ብናገር ተገቢ ነው። ጎማ በዞረ ቁጥር መሬት የሚነካው ክፍሉ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉም ላስቲኩ ውስጥ ሙቀት ይፈጥራል። ንፋስ ሲያንስ ወይም ጭነት ሲበዛ መተጣጠፉ ይብሳል፤ ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ በደቂቃ የሚተጣጠፍበት ቁጥር ይጨምራል። ላስቲክ ሙቀትን በቶሎ ስለማያሳልፍ፣ ከሁሉ በላይ የሚግለው ዓይን በማያየው ቦታ፣ የጥርሱ ላስቲክ ከሽቦ ቀበቶው ጋር በተጣበቀበት ነው። እዚያ ላይ መለያየት ከጀመረ ጥርሱ ተልጦ ይወጣል፤ የተሳቢውን ወለልና የቧንቧ መስመር ይዞ የሚሄደውም ያን ጊዜ ነው። በቫልቮላ ላይ የሚታሰሩት ጠቋሚዎች ንፋስ ሲቀንስ ወዲያው ስለሚጮኹ እጅግ ጠቃሚ ናቸው። የሙቀት ንባባቸውን ግን በጥንቃቄ መቀበል ያስፈልጋል፤ ከቸርኬው ውጭ ነፋስ ላይ ስለሚውሉ ከጎማው ሙቀት በጣም ያነሰ ያነባሉ። ስለ ኩሽኔታማ ጨርሶ አይናገሩም።

ከሰዓት በኋላ አየሩ ከ100 ዲግሪ ስላለፈ ተሳቢው ጥላ ሥር ተቀምጠን የማክሰኞን መንገድ አሰብን። ውሳኔያችን እንዲህ ነበር፦ ግራ ኋላው ከሌሎቹ በ50 ዲግሪ ከበለጠ በደረሰበት ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ አይነዳም፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ፍጥነት ቀንሰን፣ በየአጭሩ እየቆምን ዕቃ ዘርግተን ልንሠራ ወደምንችልበት ማደሪያ እንደርሳለን። ልክን አስቀድሞ መወሰን ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሙቀት ላይ ቆሞ፣ ልጆች ደክሟቸው እያለ የሚወሰን ውሳኔ ወደ መንዳት ያደላልና።

ማክሰኞ፣ ከሞአብ እስከ ካየንታ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣን። በሞንቲሴሎና በብላንዲንግ በኩል መቶ ማይል ያህል ነድተን ብለፍ የምትባለው ትንሽ ከተማ ስንደርስ አየሩ 84 ዲግሪ ነበር። ሞዞዎቹ፦ ግራ ፊት 104፣ ቀኝ ፊት 103፣ ቀኝ ኋላ 105፣ ግራ ኋላ 127። ጠዋት ወደ ደቡብ ስንነዳ ፀሐይ በግራችን ነበረች፤ ነገር ግን እዚያው ግራ ጎን ያለው የፊት ሞዞ ከቀኞቹ ጋር እኩል ስለሆነ የፀሐይ ነው ብሎ ማለፍ አልተቻለም። ጎማውን በክሪክ አንሥቼ አዞርኩት፤ አልጮኸም። ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅሁት፤ የሚያሰጋ ልቅነት አልነበረውም። ፍጥነታችንን ወደ 50 ማይል ቀንሰን ቀጠልን።

በሳን ኋን ወንዝ ዳር ያለችው ሜክሲካን ሃት ላይ ግራ ኋላው 131፣ ሌሎቹ 108 ነበሩ። የሞኑመንት ሸለቆ ቋጥኞች ከዩታና ከአሪዞና ድንበር ላይ ተነሥተው ሲታዩ ልጆቹ በደስታ ጮኹ፤ እኔም ጥቂት ቆሜ አየኋቸው፤ በእውነት ድካም የሚያስረሱ ናቸው። በናቫሆ ሕዝብ ግዛት ውስጥ ያለችው ካየንታ ስንደርስ ግራ ኋላው ሞዞ 151፣ ሌሎቹ ከ114 እስከ 117 አነበቡ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረበት። ጎማ መሐሉ ሲሞቅ ወይ ኩሽኔታው ታሟል፣ ወይ የፍሬኑ ሸራ ሳይለቅ ታምቡሩን እየፈተገ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ማስተካከያውን በማጥበቄ ሁለተኛውም የሚቻል ነበር። የሚለየው ሙቀቱ ከየት እንደሚነሣ በማየት ነው። ሸራ ከያዘ የታምቡሩ ዙሪያ ከመሐሉ ይበልጥ ይግላል፤ ኩሽኔታ ከሆነ ግን መሐሉ ይበልጣል። በቸርኬው ቀዳዳ የለካሁት ታምቡር 133፣ የሞዞው ክዳን 151 ነበር። ኩሽኔታ ነው።

ማደሪያችን ገብተን ምሽቱ እስኪበርድ እየጠበቅን ሳለ ባለቤቴ ደብተሩን ወደ ኋላ እየገለጠች ቆይታ፣ «ቅዳሜ ቁልቁለቱ ላይ ቀዝቅዞ የነበረው ይኸው ጎማ አይደል እንዴ? አሁን ደግሞ የሚሞቀው እሱው ነው። ሁለቱ አንድ ነገር እንዳይሆን» አለችኝ። እኔ ሁለቱን እንደ ሁለት ችግር ይዣቸው ነበር፤ ጥያቄዋ ግን ነገሩን ሁሉ ገጣጠመው።

ጎማውን አውልቄ፣ ታምቡሩን ሳወጣው መልሱ ፊት ለፊት ታየ። ከውስጠኛው ኩሽኔታ ጀርባ ሆኖ ግራሶው ወደ ፍሬኑ እንዳይወጣ የሚከለክለው ክብ ላስቲክ ከንፈሩ ተቀዷል። ግራሶው በተቀደደው በኩል እየወጣ የፍሬን ሸራውንና የኤሌክትሪክ ፍሬኑን የሚያሠራውን ማግኔት ቀብቷቸዋል፤ ሸራው ግራሶ ስለነካው ታምቡሩን መያዝ አልቻለም፣ ቅዳሜ በቁልቁለቱ የቀዘቀዘውም ለዚህ ነበር። ግራሶ እየሸሸው የሄደው ውስጠኛው ኩሽኔታ ደግሞ መድረቅ ጀምሮ፣ ተንከባላዮቹ ላይ ሙቀት የሚተወው ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ታይቶባቸዋል። አንድ የተቀደደ ላስቲክ በቁልቁለት ላይ ቅዝቃዜ፣ በሜዳ ላይ ሙቀት ሆኖ ታየን ማለት ነው። መኪናው እንዴት እንደቆመ ባይጻፍ ኖሮ ሁለቱን ንባቦች ማገናኘት የሚቻል አይመስለኝም።

በጉዞ ላይ ሙሉ የኩሽኔታ ዕቃ ከነመቀመጫ ቀለበቶቹ፣ አዲስ ላስቲክና ግራሶ ይዞ መንቀሳቀስ የሚገባው ለእንዲህ ያለው ምሽት ነው። አሮጌዎቹን ቀለበቶች በመዶሻና በነሐስ ዘንግ መትቼ አወጣሁ፤ አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ አይቀመጥም። ግራሶውን በመዳፌ እየጫንኩ በተንከባላዮቹ መካከል እስኪያልፍ ሞላሁት። ዋናውን ዳዶ ታምቡሩን እያዞርኩ እስከ 50 ጫማ-ፓውንድ ድረስ አጥብቄ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ታምቡሩን ሳላዞር አላላሁትና በጣቴ ብቻ እስኪቆም መልሼ ካጠበቅሁት በኋላ መቆለፊያውን አስገባሁ። ከልክ በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ እንደ ደረቀው ሁሉ ራሱን ያቃጥላልና፣ ይህ ቅደም ተከተል ሊዘለል አይገባም። ታምቡሩንና ማግኔቱን በፍሬን ማጽጃ አጠብኩ። ሸራው ግን ግራሶ ከጠጣ በኋላ ታጥቦ የሚመለስ ዕቃ ስላልሆነ፣ እስክንቀይረው ድረስ በሦስት ፍሬን እንደምንሄድ ቆጥረን ተኛን።

ረቡዕ፣ ከካየንታ እስከ ፔጅ

ወደ መቶ ማይል የሚጠጋ፣ ብዙ ቁልቁለት የሌለበት መንገድ ነው። ጎማ ከወለቀ በኋላ ዳዶዎቹ በ10፣ በ25 እና በ50 ማይል ላይ ደግመው በቶርክ ቁልፍ መጥበቅ ስላለባቸው፣ በእነዚያው መቆሚያዎች ሞዞውንም ለካን። የመጀመሪያው ላይ ከሌሎቹ በስድስት ዲግሪ በልጦ ነበር፤ አዲስ ግራሶ መጀመሪያ ላይ እየተላቆጠ ትንሽ ሙቀት ይፈጥራል። 50 ማይል ላይ ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ሆነ። ፔጅ ስንገባ አራቱም ከ112 እስከ 114 መካከል ነበሩ።

ካየንታና ፔጅ ሁለቱም አሪዞና ውስጥ ሆነው በበጋ የአንድ ሰዓት ልዩነት አላቸው፤ የናቫሆ ግዛት ሰዓቱን ወደፊት ሲያስኬድ የቀረው አሪዞና አያስኬድም። ያተረፍናት አንድ ሰዓት ጠቀመችን። ፔጅ በ1957 ለግሌን ካንየን ግድብ ሠራተኞች ተብላ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ በፓውል ሐይቅ ላይ ጀልባ የሚጎትት ሰው የበዛባት ስለሆነች የተሳቢ ዕቃ አልቸገረንም። አንድ መካኒክ የኋላውን አክስል ፍሬን በሁለቱም ጎን ከነሙሉ ዕቃው ቀየረልን። የታመመው ግራው ብቻ ቢሆንም፣ በአንድ አክስል ላይ አንዱ አዲስ ሌላው ያገለገለ ሸራ ከሆነ ተሳቢው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ሐሙስ፣ ከፔጅ እስከ ሃሪኬን

አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። ከከተማው ወጣ ብለን፣ መንገዱ ሰው ባልበዛበት ሰዓት፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው እየያዝኩ ከ40 ማይል ወደ 20 ማይል ደጋግሜ አወረድኩት፤ በመካከሉም እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ሰጠሁት። ከዚያ በካናብና በፍሬዶንያ በኩል አልፈን ወደ ሃሪኬን ከተማ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ደረስን። ሲልቨርቶርን ላይ እንዳደረግሁት ሁሉ ማርሽ ቀንሼ፣ ፍሬኑን እየጫንኩ እየለቀቅኩ ወረድኩ። ከታች ቆመን ታምቡሮቹን ለካሁ፦ 231፣ 238፣ 226፣ 229። ባለቤቴ ቁጥሮቹን ከቅዳሜዎቹ ሥር ጻፈችና «ያልተፈታ» የሚለውን ሰረዘችው።

ከሰዓት በኋላ አየሩ 106 ዲግሪ፣ አስፋልቱ ደግሞ በመለኪያችን 148 ዲግሪ ነበር፤ ይህም በሴንቲግሬድ 64 ያህል መሆኑ ነው። ጎማ ሙቀቱን ለአየሩም ለመንገዱም ነው የሚሰጠው፤ ሁለቱም ከጋሉ የሚሰጥበት ያጣል። ላስ ቬጋስ በዚያው ቀን መግባት ይቻል ነበር፤ እኛ ግን ሃሪኬን ላይ አደርን።

ዓርብ፣ ወደ ላስ ቬጋስ

ከንጋት በፊት ሴንት ጆርጅን አልፈን፣ ኢንተርስቴት 15 በቋጥኝ መካከል ተጠማዝዞ በሚያልፍበት የቨርጂን ወንዝ ገደል ወረድን። ሜስኪት ላይ ፍሬን ሳልነካ ቆምን። አየሩ 88፣ ጎማዎቹ ከ113 እስከ 117፣ ሞዞዎቹ ከ106 እስከ 109፣ ንፋሱ 73 ፒኤስአይ። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዳገትና ሜዳ በረሃ ነው፤ ፀሐይ ከጀርባችን ስለወጣች የግራና የቀኝ ልዩነት አልታየም። ላስ ቬጋስ እህቴ ቤት ደጃፍ ተሳቢውን ስናቆም አየሩ 97 ደርሶ ነበር፤ እርሷም ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ መለኪያውን ይዤ ስዞር አይታ «ምነው ወንድምጋሼ፣ ቡናው ፈልቷል እኮ፤ አትገባም እንዴ?» አለችኝ። አራቱንም ለክቼ ገባሁ፤ ትልቁ ልዩነት ሦስት ዲግሪ ነበር።

ከክርስትናው በኋላ በተሳቢው የፊት አክስል ላይ ያሉትን ሁለት ላስቲኮችም ቀየርኳቸው፤ አልተቀደዱም ነበር፣ ዕድሜያቸው ግን ከተቀደደው ጋር አንድ ነው። አምራቾች ኩሽኔታ በየ12 ወሩ ወይም በየ12,000 ማይሉ፣ ከሁለቱ በቀደመው ተከፍቶ አዲስ ግራሶ እንዲሞላው ያዛሉ፤ ከእንግዲህ በዚያው ቀን ላስቲኩም በአዲስ ይተካል። ለመልሱ ጉዞ ባለቤቴ በደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ከፍታለች፤ የመጀመሪያው መቆሚያችን ሜስኪት ነው።